ወንድሜ አጠጣልኝ ያለኝ ምሰሶ

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ መካነ ሰላም ቤታችን ተቀምጬ ውጤት ስጠብቅ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተካክዬ ለሰው አውርቼው አላውቅም። መሐል ላይ ስደርስ ወሬ እቀይራለሁ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አንድ በሬ የአርማታ ምሰሶ ሲልስ አይቼ የደነገጥኩትን ያህል በሕይወቴ ደንግጬ አላውቅም። የወንድሜን ሞት የሰማሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን እውነቱ ይህ ነው።

ወንድሜ ጌትነት ይባላል። በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ቄስ ነበሩ፤ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው ያረፉት። ጌትነት የቅኔ ትምህርቱን ጀምሮ ተወውና ደሴ ሄዶ ግንበኝነት ተማረ። የአባታችን ወዳጆች «የቄስ ልጅ ጭቃ ሊያቦካ» ብለው አዝነውበት ነበር። እሱ «ጭቃ አይደለም አባቶቼ፣ ሲሚንቶ ነው» እያለ ይስቅባቸዋል። ወደ መካነ ሰላም ሲመለስ ብረት አስሮ፣ ጣውላ አቁሞ፣ አርማታ ሞልቶ የሚሠራ ሰው እምብዛም አልነበረም።

የመጨረሻ ሥራው የኅብረት ሱቁ በረንዳ ነው። አራት የአርማታ ምሰሶዎች፣ ምሰሶዎቹን የሚያያይዙ አግዳሚዎች፣ ከላይ ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ። ስኳር ወይም ሳሙና መጣ ሲባል የከተማውም የገጠሩም ሰው እዚያ ይሰለፋል። ከዚያ በፊት ሰልፉ ፀሐይና ዝናብ ላይ ነበር። ጌትነት ጣሪያውን የሞላው በጥር ወር ነው። በሦስተኛው ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ።

የምልምሎቹ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ በስሜ ጠራኝ። ሌላው ሰው ይላቀሳል፣ እሱ ስለ ሲሚንቶ ያወራል።

«ሞላ፣ አርማታ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ጠዋትና ማታ አጠጣልኝ። ከወንዙ እየቀዳህ፣ እሺ?» አለኝ።

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ። እስከ መቼ?»

ሳቀ። «እስክመለስ» አለ።

መኪናው ተነሣ። እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት፤ ከዚያ አቧራ ሸፈነው።

አሁን ሳስበው ቀልዱን ነበር። አርማታ ሁለት ሳምንት ቢጠጣ፣ ቢበዛ አንድ ወር፣ ይበቃዋል። እኔ ግን ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ስለ አርማታ የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነው። እስክመለስ አለኝ። እስኪመለስ አጠጣለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ከወንዙ ነበር የምቀዳው። ወንዙ ገደል ወርዶ ነው። በአህያ ሁለት ጀሪካን ጭኖ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የከተማው ቦኖ የሚከፈተው ለመጠጥ ብቻ ነው፤ እሱንም በሰልፍ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደከመኝ። ትምህርትም ነበረብኝ።

ከወንዙ መንገድ እኩሌታ ላይ ሆራ አለ። ለማያውቀው፣ ሆራ ከብት የሚጠጣው ጨዋማ የምንጭ ውሃ ነው። በእኛ አገር ከብት ሆራ ካልወረደ ይከሳል፣ ላምም ወተቷ ይጎድላል። አንድ ቀን ጎረቤታችን አያ እንድሪስ በሬዎቻቸውን እዚያ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ።

«ምን ገደል ለገደል ያንከራትትሃል?» አሉኝ። «ሆራ የበሬ አጥንት ያጠነክራል፣ ለወንድምህ ድንጋይ ያንሰዋል?»

እኔም እውነት ነው አልኩ። እንዲያውም ከወንዝ ውሃ የተሻለ ነገር ያገኘሁለት መሰለኝ። ስንፍናም ነበረበት፤ አልደብቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀሪካኖቼን ከሆራው መሙላት ጀመርኩ። ምሰሶዎቹን ከላይ እስከ ታች፣ አግዳሚዎቹን ደግሞ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ።

በጋው ሲጠነክር ምሰሶዎቹ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ስነካው ይረግፋል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይወጣል። ጠነከሩ ብዬ ደስ አለኝ። ለወንድሜ ደብዳቤ ስጽፍ፣ ምሰሶዎችህ ኖራ የተቀቡ መስለዋል አልኩት። ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ደርሶት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ሥራው ተው ብሎ መጻፍ ነበር። ከእሱ የመጣልን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። በእሱም ላይ ከእናታችን ጤንነት ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ምሰሶዎቹ ነው።

ክረምት ሲገባ አቆምኩ፤ ዝናብ አለ። ጥቅምት ሲጠባ ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ መርዶው መጣ። በሰሜን ግንባር መሰዋቱን ነገሩን። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ልቅሶው ላይ ልብሱንና ቱንቢውን አልጋ ላይ አድርገን አለቀስን። ቱንቢ ግንበኛ ግድግዳው መቃናቱን የሚያይበት በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። እናቴ ክሩን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ሦስት ቀን አልፈታችውም። ስሙ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ የተሰዉት ጓዶች ስም በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ከእሱ የቀረን ያ ስምና እነዚያ አራት ምሰሶዎች ነበሩ።

በአራተኛው ቀን ሲመሽ ጀሪካኔን ያዝኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አልተመለሰም፤ እስክመለስ ነው ያለው። እናቴ አየችኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ እንስራዋን አዝላ ከሆራው ስትወጣ አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ አብረን አጠጣን። ቀጣዩንም በጋ ሙሉ። ሰው ያየናል። የሐዘን ነው ብሎ ዝም ይለናል። የሱቁ ሰዎችም ዝም አሉ። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ የጠየቀን ሰው የለም።

በአራተኛው ዓመት ምሰሶዎቹ ጥጋቸው ላይ ተሰነጠቁ። መጀመሪያ ክር የመሰለ ስንጥቅ ነው፤ ከዚያ ስንጥቁ ቀይ ውሃ ማውጣት ጀመረ። እናቴ ቀዩን አይታ በነጠላዋ ጠረገችው። እኔ ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። ደግሜ ልጻፈው። ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት።

ፈተና በጨረስኩ በሳምንቱ ሳሙና መጣ ተባለ። የገበያ ቀን ነው፤ ሰልፉ በረንዳውን ሞልቶ መንገድ ወጥቷል። እናቴ ሁለተኛው ምሰሶ ሥር ቆማለች። እኔ በመንገዱ ማዶ ነበርኩ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። እንደ ሸክላ ስባሪ ነው ቀጭ ያለው። ከምሰሶው አናት ሁለት መዳፍ የሚያህል አርማታ ተላቆ ወደቀ። የእናቴን ትከሻ መትቶ መሬት ላይ አረፈ። ሰው ተበታተነ። እናቴ አልጮኸችም። ትከሻዋን ይዛ ወደ ላይ ታያለች።

እኔም ሮጬ ተሻግሬ አየሁ። ብረቱ ራቁቱን ወጥቷል። ወንድሜ ሲያስረው አውራ ጣቴን ያህል የነበረ ብረት እርሳስ አክሏል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀይ በቀይ እየተላጠ ይረግፋል። ከስባሪው ጋር የወደቀውን የማሰሪያ ሽቦ ስነካው ዱቄት ሆነ።

ከሰልፉ አንዱ፣ «ጌትነት ሲሚንቶውን በልቶት ነዋ የሄደው» አለ። ሌላው፣ «በአመድ ነው የገነባልን» ብሎ ጨመረበት። ጥቂት ሰው ሳቀ።

እናቴ ሰማች። ጎንበስ ብላ የወደቀውን ስባሪ አነሣችው፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ ወደ ቤት ሄደች። ሳሙናውን ሳትገዛ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ወሬው እስከ ጎረቤት ከተማ አጅባር ደረሰ። የቀበሌያችን ማኅበር ሊቀ መንበር ወደ ደሴ ጽፎ ባለሙያ አስጠራ። ሲሚንቶው ተሰርቆ ከተገኘ በረንዳው እንደሚፈርስ፣ የጌትነትም ስም ከሰሌዳው እንደሚፋቅ በስብሰባ ተናገረ። ክፉ ሰው አልነበረም። የወደቀው ነገር ሰው ቢገድል ተጠያቂው እሱ ነው። ግን እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

የመጡት ባለሙያ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ የወረኢሉ ሰው ናቸው። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ መዶሻቸውን እንደ ከዘራ የሚይዙ። ቀድመው ሰልፉን ወደ ጓሮ አዞሩት፤ ጣሪያውንም በባሕር ዛፍ ግንድ ደገፉት። ከዚያ እያንዳንዱን ምሰሶ ከታች እስከ ላይ እየመቱ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አንዳንዱ ቦታ ጥሩ ድንጋይ ሆኖ ይጮኻል፤ አንዳንዱ እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል።

እኔና ሊቀ መንበሩ፣ ሌሎችም ሰዎች፣ ቆመን እናያለን። ጋሽ ሙሄ የወደቀውን ቦታ ውስጡን በመሮ ፈለፈሉና መሮውን አዩት። «ሲሚንቶ አልጎደለውም» አሉ። «ይህን ብረት የበላው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዝገት ያየሁት አሰብ፣ ባሕሩ ዳር ስሠራ ነው። እዚህ ደጋ ላይ ባሕር ከየት ይመጣል?»

ሱቁ የጨው ጆንያ እዚያ ደርድሮ እንደሆነ ጠየቁ። አልደረደረም፤ ጨው የሚቀመጠው በሌላ ቤት ነው።

በዚህ መሐል አያ እንድሪስ ሁለት በሬ እየነዱ ከገበያ ሲመለሱ በዚያ አለፉ። አንደኛው በሬ ገመዱን ነጥቆ ወደ በረንዳው መጣ። አራተኛው ምሰሶ ላይ አፉን ገጠመና ይልስ ጀመር። አያ እንድሪስ ቢጎትቱት አልሄድ አለ። ምላሱ አርማታው ላይ ሲፋቅ ድምፁ ይሰማል። ሰው ሳቀ። አንዱ፣ «አያ እንድሪስ፣ በሬዎን ቀለብ አልሰፈሩለትም እንዴ?» አለ። ሌላው፣ «ተዉት፣ ሳሙና ቸግሮት ነው» አለ።

እኔ አልሳቅሁም። ያ አላላስ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይቸኩል… ሆራው ዳር ያለውን ድንጋይ ከብት የሚልሰው እንዲያ ነው። ሦስት ዓመት በየቀኑ አይቼዋለሁ።

ቀና ስል አያ እንድሪስ እያዩኝ ነው። የእሳቸውም ሳቅ ጠፍቷል። በሬውን ጎትተው ሄዱ።

ጋሽ ሙሄ በሬው የላሰው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሻሹና ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ጨው ነው» አሉ። «ከየት መጣ?»

ሊቀ መንበሩ ፊቱ ተለወጠ። «ሲሠራ ጨው ቀላቅሎበት ይሆን? አሻጥር ማለት ነው» አለ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም። በዚያ ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያስፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ወንድሜ በመጨረሻ ያዘዘኝ አንድ ነገር ነው። እሱኑ ሦስት ዓመት ያለመታከት ፈጸምኩ ብዬ፣ ለካ በእጄ እየበላሁበት ኖሯል። ሥራውንም፣ ስሙንም። እናቴን የመታት ድንጋይ ከእኔ እጅ ነው የወደቀው።

ዘወር ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ገብስ ትለቅማለች። ፊቷ ቆሜ ነገርኳት። ከወንዙ ቅዳ እንዳለኝ፣ እኔ ግን ከሆራው እንደቀዳሁ፣ ጨው ብረት እንደሚበላ። ቃላቱ እየተቆራረጡ ነው የወጡት። መጨረሻ ላይ፣ «ወንድም ጋሼ ከወንዙ ብሎኝ ነበር» የሚለውን ብቻ እደጋግማለሁ።

ወደ ውስጥ ገብታ ያን ስባሪ ከአልጋዋ ሥር አወጣች። ከነጠላው ፈታችውና በምላሷ ነካችው።

«የሆራ ነው» አለች። «እኔም ተሸክሜያለሁ።»

ተቀመጠች። ስባሪውን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ፣ «ነገ ትናገራለህ» አለችኝ። «አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ። ልጄ ሌባ ተብሎ ከሚቀር፣ እኛ ቂል ተብለን እንቅር።»

በማግስቱ ጠዋት አብረን ሄድን። ሊቀ መንበሩና ጋሽ ሙሄ በረንዳው ላይ ወረቀት ይጽፋሉ። ሰውም ተሰብስቧል። እኔ ተናገርኩ። እንዴት እንደተናገርኩ አላስታውስም። እናቴ ክንዴን ይዛኝ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

ሊቀ መንበሩ፣ «ስንት ጊዜ ነው ከሆራ ያጠጣችሁት?» አለ።

«ከሦስት በጋ በላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» አልኩ።

ሰው አጉረመረመ። ከኋላ አያ እንድሪስ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሻሹታል። «ልጁ ብቻውን አይደለም» አሉ። «ሆራ ይሻለዋል ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። ቀልዴን ነበር። የሚጠየቅ ካለ እኔም እጠየቃለሁ።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ጋሽ ሙሄ ዞሮ፣ «ታዲያ ይህ አሻጥር አይደለም ወይ?» አላቸው።

ጋሽ ሙሄ ብዕራቸውን ዘጉ። «ጓድ፣ አሻጥር የሚሠራ ሰው ሦስት ዓመት እንስራ አዝሎ አይመላለስም» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡና ትከሻዬን ያዙኝ። «አብሽር» አሉኝ። «ወንድምህ አርማታውን የሞላው በወንዝ ውሃ ነው?»

በወንዝ ውሃ መሆኑን ነገርኳቸው። እኔው ነበርኩ የቀዳሁለት፣ እሱ አጠገቤ እየሄደ።

«እንግዲያው ጨው የገባው ከውጭ ነው። አብዛኛው ቆዳው ላይ ነው ያለው። ውሃ ያስገባውን ውሃ ያወጣዋል።»

በዕለቱ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ሁሉ በመሮ ፈነቀልን። የተገለጠውን ብረት ነጭ እስኪሆን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግን። ሦስተኛው ምሰሶ አልዳነም፤ ብረቱ ተበጥሷል። እሱን ማፍረስ ግድ ሆነ። ጎረምሶች ተራ በተራ መዶሻ ያዙ። ውጪው እንደ ቂጣ ተነሣ። ወደ ውስጥ ሲደርሱ ግን መዶሻው ይነጥራል፣ መሮው ይታጠፋል። ጋሽ ሙሄ ሥራውን አስቁመው ሊቀ መንበሩን ጠሩት። መዶሻውን ሰጡትና «ምታ» አሉት። መታ። እጁን አነዘረው እንጂ አርማታው ፍንክች አላለም።

«ሲሚንቶ የበላ ሰው ሥራ ይህ ነው?» አሉት።

ሊቀ መንበሩ መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ለእናቴ ራሱን ዝቅ አደረገላት። ያን ቀን በሰልፉ መሐል «ሲሚንቶውን በልቶት ነው» ያለው ሰውዬ እዚያው ቆሟል። መሬት መሬት ያያል።

ለተረፉት ሦስት ምሰሶዎች ጋሽ ሙሄ አሰብ የተማሩትን ዘዴ አሳዩን። ምሰሶውን በወንዝ ውሃ ደጋግሞ ማራስ። ከዚያ የሸክላ አፈር ከጭድ ጋር በወንዝ ውሃ አቡክቶ እንደ ወፍራም ልስን ዙሪያውን መለሰን። ጭቃው ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ማልበስ፤ በአራተኛው ቀን ጆንያውን ገፍፎ ለነፋስ መተው። ጭቃው ሲደርቅ ከአርማታው ውስጥ ውሃውን ይስባል፤ ውሃው ጨውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ጭቃውን ልጦ ሩቅ መጣል። እንደገና አዲስ ጭቃ መለሰን። ጨው እስኪያልቅ።

ጋሽ ሙሄ ይህን አሳይተውን ወደ ደሴ ተመለሱ። በየሁለት ሳምንቱ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ጭቃውን የምንለስነው እኔና እናቴ ነን። ውሃውን ከወንዙ እቀዳለሁ። በሆራው በኩል ሳልፍ አህያዋ በልማዷ ትቆማለች፤ እኔ እነዳታለሁ። አያ እንድሪስም የራሳቸውን ሁለት አህያ ሰጡኝ፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው አብረውኝ ይወርዳሉ። መንገድ ላይ አይቀልዱም።

የመጀመሪያው ጭቃ ሲደርቅ ላዩ ውርጭ የወረደበት መሰለ። ጨው ማለቁን በምን እንደምናውቅ ጋሽ ሙሄን ስጠይቃቸው፣ ደሴ የሚፈትኑበት መድኃኒት እንዳለ፣ ወደ እኛ ግን ለማምጣት ጊዜ እንደሚወስድ ነገሩኝ። እናቴ ሰምታ፣ «ለዚህማ ላማችን አለች» አለች። ቤት ሄዳ ላሟን ይዛ መጣች። የተላጠውን ጭቃ ፊቷ ስትወረውርላት ላሟ ጥርግ አድርጋ ላሰችው። ጋሽ ሙሄ የሳቁት ያን ቀን ነው። «ከደሴው መድኃኒት ይህቺ ትሻላለች» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጭቃ በተላጠ ቁጥር ላሟ ትመጣለች። ሰውም ማየት ለመደ። «ሐኪሟ ዛሬ ምን አለች?» ይሉናል። እንደ መጀመሪያው የመረረ ሳቅ አልነበረም። ቆይቶ ጭድ ይዘው የሚመጡ፣ ጭቃ የሚያቦኩልን ሴቶች በዙ። አንድ ቀን ሌላኛው ሰውዬ፣ በአመድ ነው የገነባልን ያለው፣ ጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። አስቀምጦ ሄደ። እናቴ ውሃውን ተጠቀመችበት።

በሦስተኛው ልስን ላሟ ላሰች፣ በአራተኛው ላሰች፣ በአምስተኛው ትንሽ ልሳ ተወች። ስድስተኛውን አሸተተችና ጫፉን ብቻ ነካች።

ሰባተኛውን የላጥን ቀን ጋሽ ሙሄ ነበሩ። እናቴ ጭቃውን ላሟ ፊት አኖረች። ላሟ አሸተተች። ፊቷን አዞረች። ከመንገዱ ዳር ያለውን ሣር ትግጥ ጀመር።

እናቴ ወደ ሁለተኛው ምሰሶ ሄደች፤ ያ የመታት ምሰሶ ነው። ሁለት እጇን አሳርፋ ከንፈሯን ገጠመችበት። የቤተ ክርስቲያን በር እንደሚሳለሙት የተሳለመች ለሰዉ መሰለው። እሷ ግን ዘወር ብላ፣ «ጨው የለውም» አለች።

ጋሽ ሙሄ አፈር የነካ እጃቸውን እየጠረጉ ወደ እኛ መጡ። ጥልቅ የገባው ጥቂት ጨው ሊቀር እንደሚችል፣ ስንት ዓመት እንደሚቆም በአላህ እጅ መሆኑን አልደበቁንም። ብረቱን በአዲስ ሲሚንቶ እንደሚያለብሱት፣ ሦስተኛውንም ምሰሶ አዲስ እንደሚያቆሙ ነገሩን። ከዚያ ትንሽ አመነቱና እናቴን አዩዋት።

«ከእንግዲህ ደረቅ ይሁን፣ እናቴ» አሉ። «ውሃ አይንካው። ማጠጣቱ በቃው።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ልቅሶው ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። እናቴ አላባበለችኝም። ወንድሜ ላይመለስ መሄዱን ሁለታችንም በአፋችን ተናግረን አናውቅም ነበር። እዚያ፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ አንድ የወረኢሉ ሰው ማጠጣቱን አስቆመን።

አሁን በረንዳው ቆሟል። ጋሽ ሙሄ በዓመት አንዴ በዚህ ሲያልፉ በመዶሻቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ እስካሁን የሚጮኸው እንደ ድንጋይ ነው። ሰልፉ ተመልሶ ሥሩ ገብቷል። የጌትነት ስም ሰሌዳው ላይ አለ። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ፣ ለዕረፍት ስመጣ ነው ይህን የምጽፈው። ድንጋጤው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። በሬ ድንጋይ ሲልስ ካየሁ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ። በራሴ ላይ ያለኝ ቁጣ ግን ቀንሷል። ጋሽ ሙሄ ለሊቀ መንበሩ ስለ እንስራው የመለሱለትን አስባለሁ፤ ያን ጊዜ ትንሽ ይቀለኛል።

ጀሪካኑ እስካሁን ጓዳ በር አጠገብ ነው ያለው። አላነሣነውም። ጥር ላይ፣ ሲመሽ፣ አንዳንዴ እናቴ ታየዋለች፤ እኔም አየዋለሁ። ከዚያ እሷ ገብሷን ትለቅማለች፤ እኔም በሩን እዘጋለሁ።